ከቆርቆሮው ወዲያ

ባሕር ዳር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለፊልም ወዳጆች የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ።

ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው እናንተ ላይ ሳይሆን ሞንታርቦው ላይ ነው። ይቅር በሉኝ፤ የሥራ አመል ሆኖብኝ ነው። የግራው ወደ ግድግዳው ዞሯል። ስለዚህ ዛሬ ግማሹን ለእናንተ፣ ግማሹን ለግድግዳው ነው የማወራው። አይ፣ አታዙሩት፣ ይቅር። የመጣሁትም ስለ ግድግዳ ላወራ ነው።

አዘጋጆቹ ደውለው «ሰሞኑን ስላየሃቸው ፊልሞች እንዲያው ዘና ብለህ አጫውተን» አሉኝ። እኔ ፊልም ሠሪ አይደለሁም፤ ሐያሲም አይደለሁም። ድምፅ ነው የምሠራው፤ ሠርግ፣ ስብሰባ፣ ምርቃት፣ አልፎ አልፎ የሬዲዮ ድራማ፣ ከተገኘ ደግሞ የፊልም ቀረጻ። ይህንኑ ብነግራቸው «ለዚሁ ነው የፈለግንህ» አሉኝ። ፕሮፌሰር ጠብቆ የመጣ ካለ ሻይ ቤቱ ከታች ነው፤ አልቀየምም።

ልጅ ሆኜ እኛ ሰፈር አንድ ቪዲዮ ቤት ነበረች። ከገበያው ወረድ ብላ፣ ዙሪያዋን በቆርቆሮ የተመታች፣ መስኮት የሌላት። ውስጧ ረጃጅም አግዳሚ፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ፣ ሌላ የለም። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ሃምሳ ሳንቲም ደግሞ በየቀኑ አይገኝም። የሌለን ልጆች ከጀርባ፣ ከቆርቆሮው ሥር እንሰለፋለን። ምስማር የበሳት አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ እሷን ግን ጉልበተኞቹ ይዘዋታል። ለኔ ቢጤው የሚተርፈው ጆሮን ቆርቆሮው ላይ መለጠፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ቆርቆሮው ይግላል፣ ጆሮ ያቃጥላል። አንዱን ስናሳርፍ ሌላውን እንለጥፋለን። ሁለት ጆሮ የተሰጠን ለዚህ ይመስለኝ ነበር።

የሕንድ ፊልም ሲሆን ተርጓሚ አለ። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይተረጉማል። ሂንዲ አንዲት ቃል አያውቅም። «አባቱን የገደለው እሱ መሆኑን አሁን ነገሩት! አለቀለት!» ይላል፤ ቤቱ በጩኸት ይናጋል፤ እኛም ከውጭ ሆነን እንጮሃለን። አንድ ቀን ሃምሳ ሳንቲም አገኘሁና ያንኑ ሦስቴ በጆሮዬ ያየሁትን ፊልም ገብቼ ባየው፣ ገዳይ ነው የተባለው ሰውዬ ከልጁ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ ይዘፍናል። አጎቱ ነው መሰለኝ። የዚያን ቀን የተሰማኝን ቅሬታ እስካሁን አልረሳውም። ከቆርቆሮው ወዲህ ሆኜ የሠራሁት ፊልም ይሻል ነበር።

ወደ ሰሞነኛው ልምጣ። ከወር በፊት አንድ ወዳጄ «በጣም የተሸለመ ነው» ብሎ በፍላሽ አንድ ፊልም ሰጠኝ። ስሙ «ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት» ነው፤ ጆናታን ግሌዘር የሚባል እንግሊዛዊ የሠራው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ። ከፈትኩት። ጥቁር። ምንም የለም። ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ እሱም የሚያቃስት ነገር ነው። ፍላሹ ተበላሽቷል ብዬ ነቅዬ፣ እፍ ብዬበት መልሼ ሰካሁት። አሁንም ጥቁር። ለካ ፊልሙ የሚጀምረው እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ጆሮህን አቅና፣ ዓይንህን በኋላ እጠራዋለሁ ይልሃል።

ታሪኩ በአውሽቪትስ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ አዛዥ በነበረው በሩዶልፍ ሆስ ቤተሰብ ላይ ነው። ቤታቸው ከካምፑ ጋር አንድ ግንብ ይጋራል። ሚስትየዋ አበባ ትኮተኩታለች፤ ልጆቹ ገንዳ ውስጥ ይንቦጫረቃሉ፤ እንግዳ ይመጣል፣ ኬክ ይቆረሳል። ካሜራው አንድም ሰው ሲገደል አያሳይም። ከግንቡ ወዲያ ግን ይሰማል። ተኩስ ይሰማል። ውሻ፣ ባቡር፣ የሰው ጩኸት፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ የማያቋርጥ፣ እንደ ወፍጮ ያለ ጉምጉምታ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ለምደውታል፤ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የሚስትየዋ እናት ልትጠይቃቸው መጥታ ቀን ቀን በአትክልቱ ስትደነቅ ትቆይና፣ ሌሊት አልቻለችም፤ ወረቀት ጽፋ ሳትሰናበት ትሄዳለች። ሚስትየዋ ወረቀቱን አንብባ እሳት ውስጥ ትጨምረዋለች።

እኔ እዚያ ላይ ፊልሙን አቁሜ ውኃ ጠጣሁ። ቆርቆሮው ትዝ አለኝ። እኛ ከግድግዳው ውጭ ሆነን በጆሯችን ውስጡን ፊልም እናደርገው ነበር፤ እነዚህ ደግሞ እየሰሙ፣ በየቀኑ እየሰሙ፣ ምንም አያዩም።

ፍላሹን ስመልስ ወዳጄን «እንዴት ነበር?» አልኩት። «ደበረኝ» አለኝ። «ሰዎች አትክልት ሲያጠጡ ነው የሚውሉት። ለምን እንደተሸለመ አልገባኝም።» ተናደድኩ። ልከራከረው አፌን ስከፍት ነው «ሕፃኑ ተኝቶ ስለነበረ ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነው ያየሁት» ያለኝ። በቃ። ሰውየው እውነቱን ነው፤ እሱ ያየው ፊልም አትክልት ሲጠጣ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ፊልም አይመችም ሲለኝ «በምንድነው ያየኸው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በስልክ ነው? በላፕቶፕ ነው? ባጃጅ ውስጥ ነው? ስልክ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም። ጉምጉምታው የለም ማለት ነው፤ ጉምጉምታው ከሌለ ደግሞ ያ ፊልም የለም።

በዚያው ዓመት ሁሉም ያወራለት የነበረው የክሪስቶፈር ኖላን «ኦፐንሃይመር» ነበር። ሦስት ሰዓት ነው። ሰባት ኦስካር ወስዷል፤ የምርጥ ፊልሙንም ጭምር። የድምፁን ኦስካር ግን የወሰደው ይኼ አትክልት የሚጠጣበት ፊልም ነው። ይህን ስሰማ እንደ ሠርገኛ ነው ያጨበጨብኩት፤ ባለቤቴ ሎተሪ የወጣልኝ መስሏት ነበር።

ኦፐንሃይመርን ግን ላማው አልፈልግም። አንድ ቦታ አለው፤ እሷን ለማየት ብቻ ሦስት ሰዓት ይቀመጡለታል። በ1945 እ.ኤ.አ. ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ የመጀመሪያው አቶም ቦምብ ሲሞከር ነው። ብርሃኑ ይፈነዳል፣ እሳቱ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ ድምፅ የለም። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ትጠብቃለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ረሳኸው ስትል ይመጣና ወንበርህን ይነቀንቀዋል። ይህ የፊልም ብልሃት ብቻ አይደለም። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። ለፍንዳታው ከሁሉ የቀረቡት መጠለያዎች 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቁ ነበር፤ ስለዚህ እዚያ የነበሩት ሰዎች ካዩት በኋላ ወደ ግማሽ ደቂቃ ጠብቀው ነው የሰሙት።

እኛ ይህን ለማወቅ ኒው ሜክሲኮ መሄድ አያስፈልገንም። ነገ ጠዋት ማልዳችሁ ከጊዮርጊስ በታች ወዳለው የጣና ዳርቻ ውረዱ። አሳ አጥማጁ ራቅ ብሎ ታንኳው ላይ አለ። አሳው ወደ መረቡ እንዲሸሽ ውኃውን በዱላ ይመታል። ዱላው ይወርዳል፣ ድምፅ የለም። ዱላው ተመልሶ ይነሳል፣ አናቱ ላይ ይደርሳል፣ ያን ጊዜ «ጧ!» ይላል። ልጅ ሆኜ ሰማዩን የሚመታ ይመስለኝ ነበር። በፊልም ግን ማንም እንዲህ አድርጎ አያሳየኝም። አሳ አጥማጁ ዱላውን ባወረደባት ቅጽበት «ጧ» ነው፤ ከአንድ ኪሎ ሜትርም ቢታይ ያው ነው። ቀረጻ ላይ ይህን ላስረዳ ሞክሬ «ሰው ድምፁ የተበላሸ ይመስለዋል» ተብያለሁ። እውነታቸውን ይሆናል።

የኦፐንሃይመር ቅሬታዬን ልናገርና ልለፈው፤ ሙዚቃው አያርፍም። ሁለት ሰው ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያወራ እንኳን ከኋላ ቫዮሊኑ እንደ ንብ ይርመሰመሳል። ዝምታው እንደዚያ ያማረው ሌላው ቦታ ዝምታ ስለሌለ ነው ካላችሁኝ ግን እሸነፋለሁ።

ወደ አገራችን ፊልም ስመጣ ጥርሴን ነክሼ ነው። ከአንድ ቤት ተጣልቶ የወጣ ሰው ስለዚያ ቤት ሲያወራ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሰሞኑን ቤት ውስጥ አራት አምስት የአማርኛ ፊልም በተከታታይ አየሁ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ ከሠሪዎቹ ጋር ነገ ሥራ ላይ እንገናኛለን። ትወናው እየተሻሻለ ነው። ካሜራውማ አትጠይቁኝ፣ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቪላ ቤት፣ ሰፊ ሳሎን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ምንጣፍ የለም፣ መጋረጃው ስስ። ባልና ሚስት ሲጣሉ እንደ ዋሻ ያስተጋባል። «አልወድህም» ስትለው ግድግዳው «ድህም» ብሎ ይመልስላታል። ሚስትየዋ ስታለቅስ ደግሞ ወዲያው ፒያኖ። ተዋናይቷ እንባዋን ሳታወርድ ፒያኖው ቀድሟት አልቅሷል። ዋሽንት የሚመጣው ባላገሩ ሲናፍቅ ነው፤ ከተሜ በዋሽንት የሚናፍቅበት ፊልም እስካሁን አላየሁም።

የድምፅ ሰው ቀረጻ አልቆ ሰው ሁሉ ዕቃ ሲጠቀልል «አንድ ደቂቃ ዝም በሉልኝ» ይላል። የክፍሉን ዝምታ ለመቅረጽ ነው። ባዶ ክፍል ሁሉ የራሱ ዝምታ አለው፤ ፍሪጁ፣ ጣሪያው፣ ከውጭ የሚመጣው። በኋላ ንግግር ሲቆራረጥ በዚያ ነው የሚጣፈው። ለልብስ ቁራጭ ጨርቅ እንደማስቀረት ነው። አንዴ እዚሁ ሐይቁ ዳር ቀረጻ ነበረን። አንድ ደቂቃ ብዬ ብለምን አዘጋጁ «ለዝምታ የምከፍለው የለኝም» አለኝና ሹፌሩ መኪናውን አስነሳ። ፊልሙ ሲወጣ ሄጄ አየሁት። ጣና ላይ የውቅያኖስ ማዕበል ጭነውበታል። ታንኳዋ ቀጥ ብላ ቆማለች፣ ውኃው እንደ መስተዋት ነው፣ ድምፁ መርከብ የሚሰብር ወጀብ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ ልጆች ሳቁ። የባሕር ዳር ልጆች ናቸውና ያውቃሉ። ጣና እኮ ዳር ላይ ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ ትንሽ ነው፤ ውሻ ውኃ ሲጠጣ ዓይነት። ደንገሉ እርስ በርሱ ሲፋተግ ነው የሚበልጠው። አልፎ አልፎ ያቺ አሳ የምታድነው ንስር ትጮሃለች፤ ወደ ዓባይ መውጫው ከሆናችሁ ደግሞ ማታ ጉማሬው ያጓራል።

ስለ ከተማችን ካነሳሁ አይቀር ድሮንን ላማ። ባሕር ዳር የሚቀረጽ ፊልምና ክሊፕ ሁሉ የሚጀምረው በድሮን ነው። ዘንባባው፣ ሐይቁ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲሱ የዓባይ ድልድይ፤ 380 ሜትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያስጉዙን አይለቁንም። ከዚያ ጢስ ዓባይ። ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ ብዙ ቀራጭ ያፍራል። የሚመጡት መንገድ ሲደርቅ፣ በበጋ ነው። ውኃው ግን በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገሚሱ ከሐይቁ በሌላ በር እየወጣ ነው፤ በበጋ ፏፏቴው ጢስ መሆኑ ቀርቶ ክር ይሆናል። ጢሱን የፈለገ ነሐሴና መስከረም ይምጣ፣ ጭቃውን ይቻል። በግንቦት የቀረጹትን ክር በዝግታ አጫውተው፣ ከሥሩ የነሐሴ ነጎድጓድ ጭነው ያየሁበት ጊዜ አለ። ላላየው ሰው ድንቅ ነው።

አንዱ ክሊፕ ላይ ደግሞ ድሮኑ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል በአረንጓዴ መስክ ላይ ይንሳፈፋል። ለምለም ነው፣ ወይን ጠጅ አበባ ነገር አለበት። ፍቅረኞቹ ያንን እያዩ ይዘፍናሉ። መስክ አይደለም፣ ውኃ ነው። እምቦጭ ነው። ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የኖረው አረም ከላይ ሲታይ ውብ ነው። ከላይ የሚታይ ነገር ድምፅ የለውም፤ ድሮን የራሱን ጩኸት እንጂ የታቹን አይሰማም። ስለዚህ ሁልጊዜ ሙዚቃ ነው የሚጫንበት።

ለዚህ ነው በቀደም «ጤዛ»ን እንደገና ያየሁት። የሠራው ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ፊልሙ በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ የዳኞቹን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት ወስዷል፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫሉን፣ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት። ጀርመን የተማረው አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ ጣና ዳር ወደምትኖር እናቱ ይመለሳል። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ነው፤ ወጣቶቹ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ይሸሸጋሉ።

ልንገራችሁ፣ የሚመች ፊልም አይደለም። ከእህቴ ልጅ ጋር ነበር ያየሁት፤ አርባ ደቂቃ ሳይሞላው ተኛ። ወዲያ ወዲህ ይዘላል፤ ሕልሙ ከትዝታው፣ ትዝታው ከዛሬው ይደባለቃል። የጀርመኑ ክፍል ላይ ተማሪዎቹ ሲከራከሩ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ በራሪ ወረቀት ነው የሚያወሩት። እኔን ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ሐይቁ የፖስታ ካርድ አይደለም። ሰውየው ሲጨንቀው ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው፤ ቆሞ ያየዋል፣ እኛም አብረነው እንቆማለን፣ ማንም አያጣድፈንም። ሙዚቃውን ጆርጋ መስፍንና ቪጃይ አየር ናቸው የሠሩት፤ ሲያስፈልግ ዝም ማለት ያውቁበታል። የእህቴ ልጅ ሲነቃ «አለቀ?» አለኝ። «አንበርብር ገና ሐይቁን እያየ ነው» አልኩት። «ታዲያ ምን ሆነ?» «ምንም።» ተመልሶ ተኛ። እሱንም አልፈርድበትም፤ ፈተና ላይ ነበር።

የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ለማለፍ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሰዓቱ ሄዷል፣ ባጃጅ ሳይጠፋ እናንተም ወደ ቤታችሁ መግባት አለባችሁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። አንድ ልጅና አንድ በግ ነው። «ቀርፋፋ ነው» ይሉታል። በግ ይዛችሁ ዳገት ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? በጓ በፈለገችው ፍጥነት ነው የሚኬደው።

አሁን ጥያቄ ከመምጣቱ በፊት ስለ አንዲት ተመልካች ላውራና ልቀመጥ። እናቴ ናት። ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርኩን ድራማ በአማርኛ እያናገረ ሲመጣ ቤታችን ውስጥ ቴሌቪዥን የሚነካ ሰው ጠፋ። እናቴ ቡናዋን እየቆላች፣ ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ነው የምታየው። ዘወር የምትለው ሰው ሲጮህ ብቻ ነው። አንድ ቀን አብሬያት ተቀመጥኩ። አንድ ዶክተር አለ፤ ደግ፣ መልከ መልካም፣ ልጅቱን ከሞት ያተረፋት።

«ይሄን ሰውዬ አላምነውም» አለች።

«ለምን እማዬ?»

«ባለፈው ሚስቱን ያስገደለ እሱ አይደል እንዴ?»

«ኧረ እማዬ፣ ያ ሌላ ድራማ ነው። ሰውየውም ሌላ ነው፤ ፊታቸውም አይመሳሰልም።»

«ፊቱን ተወው አንተ ልጅ» አለች፣ ምጣዱን እየነቀነቀች። «ድምፁ ያው ነው።»

ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። እውነቷን ነው። ያንን ገዳይ በአማርኛ ያናገረው ሰውና ይህንን ዶክተር ያናገረው ሰው አንድ ናቸው። እኔ ከዚህ ሥራ እንጀራ የምበላ ሰው አላወቅኩትም፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ቡና እየቆላች አወቀችው።

ድራማው ወራት ፈጅቶ አለቀ። ዶክተሩ እስከ መጨረሻው ክፍል ድረስ ክፉ ነገር አልሠራም። የመጨረሻዋን ቀን ሆን ብዬ ሄጄ አብሬያት አየሁ፤ ልጅቱን አገባት፣ ተጨበጨበ፣ ተዘፈነ። «አየሽ እማዬ፣ ደህና ሰው ነው» አልኳት።

ስኒውን ገለበጠችና «ገና አልተመቸውም ነው እንጂ» አለችኝ።